የእንሰት በሽታና የመሥሪያ ቤቶቻችን ድርሻ



ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ገዘር የሚጓዝ ሰው፣ በአሪ ገበሬዎች ጓሮ ቅጠሉን እንደ ጥላ ዘርግቶ የቆመውን እንሰት ሳያይ አያልፍም። እኛ በከተማ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ቆጮውንና ቡላውን ከገበታ ላይ እናውቀዋለን እንጂ፣ ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ አያሌ ዓመታት እንደሚፈጅ እምብዛም አናስብም። በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተው ሕዝብ እስከ 20 ሚሊዮን ይገመታል። ይህን ተክል ከሥሩ የሚያጠፋ አንድ በሽታ አለ። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ በሽታ፣ ይልቁንም በሽታውን ለማሸነፍ ስለተሰለፉት መሥሪያ ቤቶቻችን ነው።

በሽታው እንሰት አጠውልግ ይባላል፤ የሚያመጣውም ባክቴሪያ የተባለው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህን ተሐዋሲ ለይተው ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቁት ዳኛቸው ይርጉ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ከብራድበሪ ጋር ሆነው ሲሆን፣ ጽሑፋቸው የወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1968 ነበር። በሽታው ሲገባ በመጀመሪያ የመካከለኛው ለጋ ቅጠል ይጠወልጋል፤ የቅጠሉ እጀታ ቢቈረጥ ብጫ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የተደከመበት ተክል በጥቂት ወራት ውስጥ ይበሰብሳል። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋነኛው ገበሬው ራሱ የሚሠራበት ቢላዋ ነው። መድኃኒት አልተገኘለትም። ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ንጹሕ ችግኝ መትከል፤ እስከ ዛሬ የምንመክረው ይህንኑ ነው። በወላይታ መዝያ የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ በሽታውን ይታገሣል፤ ፈጽሞ አይያዝም ማለት ግን አይደለም።

አሁን የሥነ ሕይወት ምሕንድስና የሚባል ጥበብ ተነሥቷል። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ብረቱንና ሲሚንቶውን ለክቶ እንደሚያቀናብር ሁሉ፣ በዚህ ጥበብ የሠለጠኑት ሊቃውንትም በሕያው ነገር ውስጥ ተጽፎ የሚገኘውን ዘረ መል እያነበቡ፣ ከአንዱ ወስደው በሌላው ላይ ይጽፋሉ። ከእንሰት ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዲህ ነው። ያው ተሐዋሲ በ2001 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኘ። የተመራማሪዎች ቡድን ከጣፋጭ ቃሪያ ሁለት ዘረ መሎችን ወስዶ በሙዙ ውስጥ አስገባ። የእነዚህ ዘረ መሎች ሥራ፣ ጠላት የገባበት የተክሉ ክፍል ፈጥኖ ራሱን እንዲያጠፋ ማድረግ ነው፤ ቃጠሎ የተነሣ እንደ ሆነ መንደርተኛው በመካከል ያለውን ሣር አጭዶ እሳቱን መንገድ እንደሚያሳጣው ማለት ነው። በኡጋንዳ መስክ ላይ የተሞከሩት ሙዞች በሽታውን ተቋቁመዋል። ወደ እንሰት ዘረ መል የማስገባቱም ዘዴ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ ተገልጿል፤ ከጸሐፊዎቹም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

እንግዲህ ጥበቡ እዚህ ደርሷል። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ግን በላቦራቶሪ ብቻ የሚያልፍ አይደለም፤ በእኛ ጠረጴዛ ላይም ያልፋል።

አስቀድመን ገንዘቡን እንመልከት። አሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽኗ አማካይነት ለዚህ ጥበብ የሚሆን የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ማዕከል መርዳት ጀመረች። እንግሊዝም በ2023 መጨረሻ ለ10 ዓመት የሚሆን 2 ቢሊዮን ፓውንድ እመድባለሁ ብላ አስታወቀች። ይህን ያነሣሁት ከእነርሱ ጋር እንወዳደር ለማለት አይደለም፤ 2 ቢሊዮኑን ትታችሁ 10 ዓመት የሚለውን ቃል ብቻ ያዙልኝ። የእኛ በጀት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። እንሰት ግን ሰኔ 30ን አያውቅም። ዛሬ የተተከለው የሙከራ እንሰት ውጤቱ የሚለካው ከብዙ የበጀት መዝጊያ በኋላ ነው። በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጠየቅ ገንዘብ አንድ ዓመት ቢቋረጥ፣ መስኩ አረም ይበላዋል፤ የሠለጠነውም ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በብርድ ተጠብቆ መምጣት የሚገባው የላቦራቶሪ ቅመም በጨረታና በዕቃ መረከቢያ ወረቀት ምክንያት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ዓላማው ሕዝብንና ተፈጥሮን መጠበቅ ነበር፤ መልካም ነው። ነገር ግን ጥብቅነቱ የራሳችንን ተመራማሪዎች ሳይቀር ስላገደ፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 896 ተሻሻለ፤ በተከለለ ስፍራ ለሚደረግ ምርምርም በር ተከፈተ። በ2010 ዓ.ም. ትልን የሚቋቋም ጥጥ ለእርሻ የተፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው። ምርምሩን የሚሠሩት መሥሪያ ቤቶችም አሉ። የግብርና ምርምር ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ሲሆን፣ የባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከሉ በሆለታ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው የባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በኋላ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተደራጅቷል። ፈቃድ ሰጪውና ተመራማሪው የተለያዩ መሆናቸው ተገቢ ነው፤ የራሱን ሥራ ራሱ የሚመረምር ማንም የለምና።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የገዘር ጉዳይ ነው። ማሳዮሺ ሺገታ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ በአሪ ምድር ረጅም ጥናት አድርገው፣ ገበሬዎቹ ከ70 የሚበልጡ የእንሰት ዓይነቶችን በስም ለይተው እንደሚያውቁ ጽፈዋል። ደግሞም በዚያ አገር ዱር በቀሉ እንሰት ከጓሮው እንሰት ብዙም ሳይርቅ ይበቅላል። የጓሮው እንሰት የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ችግኝ ስለ ሆነና ብዙውን ጊዜም ዘር ሳይዝ ስለሚቈረጥ፣ ባዕድ ዘረ መል ከእርሱ ወደ ሌላ ይተላለፋል ተብሎ አይፈራም ይባላል። ይህ አነጋገር ለሌላው አውራጃ ሊበቃ ይችላል፤ ዱር በቀሉ አበባ በሚያወጣበት በአሪ ግን በቂ አይመስለኝም። ስለዚህ በሆለታ አጥር ውስጥ የተገኘ ውጤት ለገዘር ፈቃድ ሆኖ ሊቈጠር አይገባም። በጂንካ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲም አለ። ዱር በቀሉ የት የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚያብብ፣ ከጓሮው ጋር ምን ያህል እንደሚዳቀል መዝግቦ ለፈቃድ ሰጪው ማቅረብ የእነርሱ ድርሻ ሊሆን ይገባል። ይህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ እግርና መዝገብ ይበቃዋል።

የባለቤትነትም ነገር አለ። የጤፍን ታሪክ የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። በ1997 ዓ.ም. ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሞ ነበር፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከሰረ። በሆላንድ የተመዘገበውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ያለው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም የሆነው በሁለት የውጭ ኩባንያዎች ክርክር እንጂ በእኛ ከሳሽነት አልነበረም። የእንሰትም የመጀመሪያው የዘረ መል ንባብ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ከዚያ በኋላ በ2018 የአገራችን ተመራማሪዎች የተካፈሉበት የ17 ዓይነቶች ንባብ መውጣቱ ደስ ያሰኛል። ንባቡ አንድ ጊዜ በዓለም መዝገብ ከገባ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. በወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ችግኙን በጠረፍ ላይ መያዝ ብቻውን አይጠቅምም። የብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ውል ሲዋዋል፣ ስለ ተክሉ ብቻ ሳይሆን ከተክሉ ስለተነበበው ጽሑፍም፣ ዓይነቶቹን ለይቶ ላቆየው የአሪ ገበሬ ስለሚደርሰውም ጥቅም በግልጥ ቢጻፍ ይሻላል።

በበጀትና በግዥ ክፍል የምትሠሩ አድማጮቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የእንሰት ምርምር የሚል መዝገብ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ፣ ተክሉ በስንተኛው ዓመት ለመቈረጥ እንደሚደርስ ተመራማሪውን ጠይቁትና የገንዘቡን ዘመን ከዚያ ቍጥር ጋር አስተያዩት።