ውኃ ሲያጥር ንጽሕናን ስለ መጠበቅ
(በእንሴኖ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



የእርሻ ሠራተኛ ቆሞ ስለ ፊት መታጠብ ሲናገር አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። ስለ በርበሬ ችግኝና ስለ በቆሎ ዘር መናገር የለመደ ሰው ስለ ሳሙና ምን አገባው? የምትሉ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው። ዓይኑን የታመመ ገበሬ መስመር ጠብቆ አይዘራም፤ ልጇን ተቅማጥ የያዘባት እናትም የችግኝ መደብ ውኃ ለማጠጣት ጊዜ የላትም። ስለዚህ ነገሩ ከእርሻ ውጭ አይደለም።

እንደምታውቁት በዚህ አገር ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በተለይም ከኅዳር ጀምሮ፥ ውኃ እየራቀ ይሄዳል። በቦኖው ዘንድ ጀሪካን ይሰለፋል። አህያ ያለው በአህያ፥ አህያ የሌለው በሚስቱና በሴት ልጁ ጀርባ ያስመጣል። ያች 20 ሊትር የምትይዝ ጀሪካን ከቤት ስትደርስ ወጥ ይሠራባታል፥ ቡና ይፈላባታል፥ ሰው ይጠጣባታል፥ ጥጃም ድርሻዋን ትፈልጋለች። ለመታጠቢያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ውኃ ሲገኝ እንታጠባለን» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ ግን የማየው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከውኃው ማነስ ይልቅ የሚጐዳን አፈሳሰሳችን ነው።

አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ወስዳችሁ ሞክሩት። ውኃውን በሳፋ ገልብጣችሁ አምስት ልጆች ተራ በተራ ፊታቸውን ቢታጠቡበት፥ አምስተኛው የሚታጠበው በአራቱ እድፍ ነው፤ ዓይኑ ያልታመመውም ልጅ በሽታውን ከዚያው ሳፋ ይወስዳል። ያንኑ ሊትር በልጆቹ መዳፍ ላይ እያንጠባጠባችሁ ብታፈሱ ግን አንድ መዳፍ የሚይዘው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ፊት ሦስት መዳፍ ቢፈጅ ዐሥር ልጆች በንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ። የልጆቹ ቍጥር እጥፍ ሆነ፥ ውኃው ግን ያው አንድ ሊትር ነው።

ይህ ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። እስላም ወንድሞቻችን ለስግደት ሲዘጋጁ እጅ፥ አፍ፥ አፍንጫ፥ ፊት፥ ክንድና እግር የሚታጠቡት በአንድ ጆግ ውኃ ነው። ነቢዩ ለውዱእ አንድ ሙድ፥ ይኸውም አንድ ሊትር የማይሞላ ውኃ፥ ይበቃቸው እንደ ነበረ በሐዲስ ተጽፏል። በየቤታችንም እንግዳ ለማዕድ ሲቀርብ ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ከላይ ያፈሳል እንጂ ሁሉም እጁን በአንድ ሳፋ አይነክርም። እንግዲህ ለእንግዳ የምናደርገውን ክብር ከሽንት ቤት ለሚመለስ ልጃችንም እናድርግ ማለቴ ነው። የጐደለው አንድ ነገር ሳሙና ነው። ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ አመድ ይረዳል፤ ሳሙናው ግን ይሻላል። ጥቂት የልብስ ሳሙና ዱቄት በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጦ ከበር አጠገብ ማኖር ይቻላል፤ ለአንድ ሰው እጅ ጥቂት ጠብታ ስለሚበቃ ብዙ ቀን ይቈያል።

አፍሳሽ ልጅ በሌለበት ጊዜ ይኸው የሃይላንድ ጠርሙስ ቦኖ ይሆናል። ምስማር በእሳት አግሉና ከጠርሙሱ ግርጌ አጠገብ፥ በጐኑ በኩል አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ውኃ ሞልታችሁ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ውኃው አይፈስም፤ ክዳኑን ላላ ስታደርጉት ግን ከላይ አየር ስለሚገባ በቀዳዳው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ከሽንት ቤቱ አጠገብ በእንጨት ላይ እሰሩት። ሕፃን ልጅ እንኳ ይሠራበታል፤ እንዲያውም ልጆች ስለሚወዱት ውኃ እንዳይጫወቱበት በመጀመሪያው ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ዓይን ጥቂት ልቈይ። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ዝንቡ የሚወደው ዓይናር የሞላበትን የሕፃን ፊት ነው፤ የሚራባውም በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ልጁ ደጋግሞ በታመመ ቍጥር የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰላል፤ ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን ሲያስነቅሉ የምታዩአቸው እናቶች በሽታው የጀመራቸው በልጅነታቸው ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚበዙበትም ምክንያት ሕፃን የሚያቅፉት እነርሱ በመሆናቸው ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 40 ያህሉ ይህ በሽታ በዓይናቸው ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ቈይቷል።

እዚህ ላይ ከእውነቱ ያለፈ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም። በዋግ ኽምራ ገጠር ለሦስት ዓመት ያህል ውኃ እየወጣ፥ ሳሙና እየታደለ፥ ስለ ፊት መታጠብና ስለ ሽንት ቤት ትምህርት እየተሰጠ ሙከራ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሕፃናቱ ዓይን ላይ ተሕዋሲው ካልተረዱት ቀበሌዎች ይልቅ አልቀነሰም። ስለዚህ ፊት መታጠብ ይበቃል ብሎ መድኃኒቱን መተው ትልቅ ጥፋት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለትራኮማ መድኃኒት ስትመጣ ልጆቹን ከብት ጥበቃ አትላኩ፤ እናንተም ዋጡት። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበትም ሰው ወረንጦውን ትቶ ለቀላል ቀዶ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በቤትም ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱን ቍራጭ ጨርቅ ለዩለት፤ በነጠላ ጫፍ የአንዱን ዓይን ጠርጎ የሌላውን መጥረግ ይቅር።

አሁን ወደ በርበሬያችን ልምጣ። ማረቆ ፋናን ስትለቅሙና ስትቀነጥሱ የዋላችሁ ሰዎች እጃችሁ እስከ ሌሊት እንደሚያቃጥል ታውቃላችሁ። እናት በዚያ እጅ ሕፃኗን ስታጠባ ወይም ፊቱን ስትዳብስ ልጁ ይጮኻል። ብዙዎቻችሁ ይህን ለማስለቀቅ ብዙ ውኃ ታፈሳላችሁ፤ ነገር ግን የሚያቃጥለው ነገር በውኃ አይሟሟም፥ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ግማሽ ማንኪያ ዘይት በእጃችሁ ላይ አሹ፤ በጣቶቻችሁ መካከልና በጥፍር ሥር ይግባ። በደረቅ አሮጌ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ በኋላ በሳሙናና በአንድ ብርጭቆ ውኃ ታጠቡ። ጨርቁን ልጅ ከሚደርስበት አርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ዘይት አይደረግበትም፥ አይታሽምም፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ ደጋግሞ ማጠብ ነው።

ውኃ የማይቈጠብበትም ጊዜ አለ፤ ይኸውም ፀረ ተባይ መድኃኒት ረጭቶ የተመለሰ ሰው ጊዜ ነው። ርጭት ባለበት ቀን አንድ ጀሪካን ውኃ አስቀድማችሁ ለይታችሁ አኑሩ። ረጪው ሳይበላ፥ ሳያጨስ፥ ጫት ሳይዝ፥ ልጁንም ሳያቅፍ መላ ሰውነቱን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ከሌላው ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ያህል ብታጥቡት ለውኃ መያዣ አታድርጉት። ዕቃው ሲያልቅ ሦስት ጊዜ አለቅልቁና እጣቢውን በመርጫው ውስጥ ጨምራችሁ በማሳው ላይ ርጩት፤ ከዚያም ማንም ለውኃ እንዳያነሣው ብሱት። ጀሪካን ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ይበሳ።

ገላ ለመታጠብ ሁለት ሊትር ውኃ ይበቃል። በአንዱ ሊትር ጨርቅ እየነከሩ ሳሙና እያስነኩ ከፊትና ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፥ ብብትንና ብሽሽትን፥ በመጨረሻም እግርን ማጠብ፤ በሁለተኛው ማለቅለቅ ነው። አባቶች ሆይ፥ የደረሱ ሴቶች ልጆቻችሁ በወር አበባቸው ጊዜ የተከለለ ቦታና የራሳቸው ጆግ ውኃ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ለመናገር አፈርኩ የሚል አባት ሳይናገር መከለያውን ብቻ ይሥራ።

ልብስን በሚመለከት፥ ቅማል ተስቦንና ግርሻን እንደሚያመጣ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች እከክ ተነሥቶ ነበር። ለማጠቢያ ውኃ በጭራሽ ባይኖር ልብሱንና ብርድ ልብሱን በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የእከኩ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ በጥቂት ቀን ይሞታል፥ አንድ ሳምንት ይበቃዋል፤ ለቅማል ግን ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ጥቂት ውኃ ካለ ማፍላት ይቻላል፤ በተለይ ስፌቱ በደንብ ይፍላ። እከክ ሲሆን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መድኃኒቱን ይቀባ፤ አንዱ ከቀረ ለሌላው ይመልስበታል።

እንዶድን እናቶቻችን አይንቁትም፥ እኛም አንናቀው። ፍሬውን አድርቆ ወቅጦ ነጭ ልብስ ማጠብ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወራጅ ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙና፥ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስመረመሩ። በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያው ኃይሉ ግን ዓሣንም ይገድላልና ከምንጭና ከወራጅ ርቃችሁ በሳፋ እጠቡበት፤ ወደ ዓይንም እንዳይረጭ ተጠንቀቁ።

ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ ብዙ ውኃ ከጣራችሁ ላይ ትጥላላችሁ። 30 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 300 ሊትር ይወርዳል። የሚረጨውና የሚባክነው ተቀንሶ ዐሥራ ሁለት ጀሪካን ያህል ይገኛል፤ ይኸውም ከአንድ ዝናብ ብቻ ነው። አሸንዳ ግጠሙ፤ አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት የመጀመሪያው ውኃ ይፍሰስ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በበርሜል ተቀብላችሁ ትንኝ እንዳይራባበት ክደኑት። ለእጅና ለልብስ መታጠቢያ መልካም ነው።

ልብስ የተለቀለቀበት ውኃም ሁለተኛ ሥራ አለው። የዛሬው ማለቅለቂያ ለነገው ልብስ የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሁን። ከዚያ በኋላ በጓሮ ላለው እንሰት ወይም ሙዝ ሥር አፍስሱት፤ በሰላጣና በጎመን ላይ ግን አታፍስሱት። ሳሙናና አመድ የበዛበት ውኃ በአንድ ቦታ ሲደጋገም አፈሩን ያበላሻልና ቦታ እየለወጣችሁ አፍስሱ፤ ለጋ ችግኝም አታጠጡበት። የርጭት ልብስ የታጠበበት ውኃ ከጓሮም፥ ከከብት መጠጫም፥ ከጕድጓድም ርቆ ይደፋ።

ሦስት ምስማርና ጥቂት ሃይላንድ ይዤ መጥቻለሁ፤ እሳቱም ተቀጣጥሏል። ልጆቹ ወደ ፊት ይቅረቡና ጠርሙሱን እንብሳ።