በባቡር ስላገኘነው ወዳጅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የእድሩ ጸሐፊ አንድ ነገር ተናገሩ ብለው ሲጠይቁን፣ እኛ ባልና ሚስት ምን የሚነገር ነገር አለን ብለን ነበር። በኋላ ግን አንዳችን የረሳነውን ሌላችን እያስታወስን ይህችን አጭር ቃል አዘጋጅተናል። ነገሩ ስለ አንድ ወዳጃችን ነው፤ መጨረሻው ግን ወደ እድራችን መዝገብ ይመለሳልና በትዕግሥት አድምጡን።

በ1965 ዓ.ም. ዘመድ ለመጠየቅ ከለገሃር ተነስተን በባቡር ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ ገና ጎጆ የወጣን ወጣቶች ነበርን። የተሳፈርነው በሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ ወንበሩ ጣውላ፣ መተላለፊያው ዕቃና ሰው የሞላበት ነበር። ከሁለታችን እናት የምትሆነዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሞጆንና ናዝሬትን እስክናልፍ ድረስ ደህና ነበርን። መተሐራን አልፈን ወደ አዋሽ ስንቃረብ ግን ሙቀቱ ለበለበን፤ የደጋ ሰው መሆናችን ያን ጊዜ ታወቀ። የያዝነው ውሃ አለቀ፤ እሷም ራሷን ስታ ወደቀች።

ከፊታችን ባልና ሚስት ተቀምጠው ነበር። ሰውየው በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ሚስትየዋ ማንንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን በውሃ ነክረው ግንባሯን ያዙ፤ ባልየውም ቦታቸውን ለቀው እሷ እንድትጋደም አደረጉና እስከ ድሬዳዋ ድረስ ቆመው ሄዱ። ሌሊት ስንደርስ «ዘመዶቻችሁን ነገ ትፈልጋላችሁ» ብለው ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ወደነበረው ቤታቸው ወሰዱን። ሦስት ቀን አሳደሩን።

ከዚያ ወዲህ ዝምድናችን ጠና። ልጃችን ስትወለድ ስም ያወጡላት ሚስትየዋ ናቸው። ከእነሱ ብርቱካንና ማንጎ፣ ከእኛ ቅቤና በርበሬ፣ በባቡሩ ሠራተኞች እጅ ሲመላለስ ኖረ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወርሮ ሐዲዱ ሲቆረጥ ወሬያቸው ለወራት ጠፋ። ባቡሩ እንደገና ሲጀምር ግን የእነሱ ደብዳቤ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰን።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ወሬውን በሬዲዮ ሰማን። ስልክ ደወልን፤ የሚያነሳ የለም። ደብዳቤ ጻፍን፤ መልስ የለም። ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ጥፋታችንን አንሸፍንም። ተነስተን መሄድ ነበረብን። «ክረምቱ ይውጣ» አልን። ክረምቱ ሲወጣ «የልጅቷ ሠርግ ይለፍ» አልን። በመካከሉ አሮጌው ባቡርም ቆመ፤ ለእኛም ጥሩ ምክንያት ሆነን። አውቶቡስ ጠፍቶ ነበር እንዴ? እውነቱን ለመናገር የፈራነው መንገዱን ሳይሆን ደርሰን የምንሰማውን ነው። እንዲህ እያልን 12 ዓመት አለፈ።

አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. ልጃችን «ወይ ሂዱ፣ ወይ ስማቸውን እያነሳችሁ አታልቅሱ» ብላ ትኬት ቆረጠችልን። ከለቡ ተሳፍረን ሄድን። የዱሮው ቤት ከነበረበት ስንደርስ ቤቱ የለም። የሰፈሩን ሰው ስንጠይቅ ወደ እድሩ ጸሐፊ መሩን። ጸሐፊው መዝገባቸውን ገለጡና «ሰውየው ከጎርፉ በኋላ ሳቢያን ገብተዋል፤ መዋጮአቸውን ግን እስከ ዛሬ እዚሁ ይከፍላሉ» አሉን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። «ባለቤታቸውስ?» ስንል ግን ጸሐፊው ጣታቸውን ወደታች አወረዱና፣ በ2003 ዓ.ም. መቀበራቸውን፣ ድንኳኑም ሦስት ቀን መተከሉን አነበቡልን። የወዳጃችንን መርዶ ከመዝገብ ላይ ሰማን።

ሳቢያን ደርሰን በር ስናንኳኳ ሽማግሌው ከዘራ ይዘው ወጡ። ለጊዜው አላወቁንም። «የአዋሿ ነፍሰ ጡር ነኝ» ስትላቸው ከዘራውን ጥለው አቀፉን። ከስምንት ዓመት በኋላ ያን ዕለት ለቅሷችንን ተቀመጥን። ጎረቤቶቻቸውም እንደ አዲስ መጥተው፣ ቡና አፍልተው፣ አብረውን ዋሉ። ማታ እንዲህ አሉን፦ «የእናንተን አድራሻ የጻፍንበትን ደብተር ጎርፉ ወሰደው። እሷ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር፣ የአዲስ አበባዎቹ ቢሞቱ ማን ይነግረናል? እኛስ ብንሞት ማን ይነግራቸዋል? ትል ነበር።» አልወቀሱንም። ባይወቅሱንም ነገሩ ከልባችን አልወጣም።

ባለፈው ዓመት በጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ወንበር ሲያቀርቡ ያያችኋቸው እንግዳ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ብዙዎቻችሁ «ማን ናቸው?» ብላችሁን ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። እውነት ነው፤ እድራችንም የቆመው በዚሁ ነው። ነገር ግን ሩቅ ያለውን የሚያገናኘውም ይኸው የቅርብ ጎረቤት መሆኑን እኛ ድሬዳዋ ላይ አየን። በመዝገባችን የባል፣ የሚስት፣ የልጅና የወላጅ ስም አለ። ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርልን፤ በሩቅ ያለ ወዳጅ ስምና ስልክ የሚጻፍበት። ለእነሱ ድንኳን ይተከል፣ ገንዘብ ይከፈል አላልንም። ጡሩምባ በተነፋ ቀን አንድ ስልክ ይደወል፣ መርዶው ይድረስ ነው የምንለው። ስብሰባው ተወያይቶ ይወስንበት።

እስከዚያው ድረስ ግን ማንም ውሳኔ አይጠብቅ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ወሬው የጠፋባችሁን ሰው ፈልጉ። ክረምት እስኪወጣ አትጠብቁ፤ እኛ ጠብቀን የደረስነው ከአንዳቸው ብቻ ነው።