የክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ

የክፍል እንግሊዝኛ የሚባሉት መምህሩ ትምህርቱን ለመምራት በየዕለቱ የሚጠቀምባቸው አጫጭር ሐረጎች ናቸው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ እንዲሆን ተወሰነ። ቋንቋውን ከትምህርት ቤት ውጭ ለማይሰማ ሕፃን ዋናው ምንጭ የመምህሩ አንደበት ይሆናል።

ለጅማሬ የሚመረጡት ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱ ትእዛዞች ናቸው፦ «ስታንድ አፕ»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ኦፕን ዩር ቡክስ»። መምህሩ እየተናገረ በእጁ ሲያሳይ መልእክቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። አንዱን ሐረግ ሳይቀያይሩ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ዛሬ «ሊስን»፣ ነገ «ፔይ አቴንሽን» ማለት ጀማሪውን ያደናግራል።

ብዙ የሚያሳስተው «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የገባውም ያልገባውም በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላል፤ ይህን ዜማ ያልሰማ መምህር መኖሩ ያጠራጥራል። በምትኩ «ፖይንት ቱ ዘ ዊንዶው» ቢባል፣ ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ ማየት ይበቃል። ረዘም ያለ መመሪያ ሲሰጥም አንድ ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲደግመው ማድረግ ነውር የለውም።

ለማበረታቻ «ቬሪ ጉድ»፣ ለስሕተት «ትራይ አጌን» ይበቃሉ። ተማሪዎችም የራሳቸው ሐረግ ያሻቸዋል። «ሜይ አይ ጎ አውት?» የሚለውን ፈጥነው ይይዙታል፤ «ፕሊስ ሴይ ኢት አጌን» ግን ሆን ተብሎ ካልተለማመዱት ከአፋቸው አይወጣም።