የልጆቹ ወንበር በልጆቹ ልክ ይሠራ
(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



እንደሚታወቀው ሁሉ ለገጠሩ ትምህርት ቤት ኦ ክፍል ዕቃ እንድናሟላ ተስማምተን መዋጮው ተጀምሯል። አሁን የቀረው ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ሐሳባችን ተከፋፍሏል።

ኦ ክፍል ማለት ሕፃናቱ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ነው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ እየተከፈተ መጣ። በገጠር ግን ብዙ ቦታ ክፍሉ ተከፈተ እንጂ ዕቃው አልተከተለውም። እኛም ሄደን ያየነው ይኸንኑ ነው። ግድግዳና ቆርቆሮ አለ፤ ልጆቹ የሚቀመጡት መሬት ላይ ነው። አቧራው ዓይን ያሳምማል፣ ቁንጫው አያስቀምጥም፣ ሙጃሌውም በእግር ይገባል። እናት ልጇን እንዲህ ያለ ቦታ ከምትልከው ከጥጃ ጋር ብታውለው ማን ይፈርድባታል?

አንዳንዶቻችሁ የማኅበሩን አሮጌ አግዳሚዎች እንስጣቸው ብላችኋል። ከደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚያ ለለቅሶ ለሚመጣ አዋቂ የተሠሩ ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ቢቀመጥበት እግሩ ይንጠለጠላል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሲታክተውም ተንሸራቶ ይወርዳል። ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው መቀመጫ ከመሬት ከ26 እስከ 31 ሳንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው ከ46 እስከ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። በእኛ አለካክ ወንበሩ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ግድም መሆኑ ነው። ዝቅ ያለ ዕቃ ደግሞ የሚፈጀው እንጨት ያንሳል።

ከከተማ ፕላስቲክ ይገዛ የሚለውንም አልደግፍም። ፕላስቲክ እግሩ ከተሰበረ መጣል ነው፤ እንጨቱን ግን እዚያው ያለ አናጢ ይጠግነዋል። ስለዚህ በመንደሩ አናጢ ይሠራ። አንድ ነገር አደራ፤ የባሕር ዛፍ ጣውላ እርጥቡን ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። የደረቀ እንጨት ይፈለግ፤ ሥራው ቢዘገይም ይዘግይ። እስከዚያው ሰሌን ገዝተን እናንጥፍላቸው፤ ወለሉን የመንደሩ እናቶች በእበት እንለቀልቃለን ብለዋል።

ጥቁር ሰሌዳው ልጁ እጁን ዘርግቶ ሊጽፍበት እንዲችል ዝቅ ብሎ ይሰቀል። የፊደል ገበታውም እንደዚያው። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ አንጋጦ የሚለቅም ሕፃን የለም። ለመቁጠሪያ ቆርኪ ይበቃል።

ቴሌቪዥን ይገዛ ላለው ወንድማችን፣ መብራት በሌለበት ምን ዋጋ አለው እላለሁ። የማኅበሩ ስም በየወንበሩ ጀርባ ይጻፍ ያላችሁትም አትቀየሙኝ፤ እዚያ ላይ ሀ ሁ ቢጻፍበት ይሻላል። የእኛ ስም ደረሰኙ ላይ አለ።

ውሳኔው እንደ ደንባችን በእጅ ብልጫ ነው። መዋጮውን ለገንዘብ ያዣችን ብቻ ስጡ፣ ደረሰኝም ሳትቀበሉ አትሂዱ። ግሮሰሪ ያላችሁ ቆርኪውን አትጣሉት፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ቀጥቅጣችሁ እሑድ ጧት ወደ ጽሕፈት ቤታችን አምጡልን።