የክረምት ጎርፍና የምንጫችን ውሃ
(በዕድሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድርና ጎርፍ ምን አገናኛቸው የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። በሐምሌ ለቀብር የወጣ ሰው ግን አይጠይቀንም። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ቦረቦር አይዘልም፤ ዙሪያውን ይሄዳል። ያ ቦረቦር ደግሞ ከየማሳችን በለቀቅነው ውሃ የተቆፈረ ነው።

ዝናቡ ሲበረታ ውሃ ሰብሉ ላይ እንዳይተኛ ሁላችንም ፈሰስ እናወጣለን። ይኸ የአባቶቻችን ብልሃት ነው፤ ያለ እሱ የደጋ መሬት ገብስ አያበቅልም። ነገር ግን ፈሰስ የሚያወጣ ሰው የሚጨነቀው ውሃው ከራሱ ድንበር እስኪወጣለት ብቻ ነው። የላይኛው ለታችኛው ይለቀዋል፤ ታችኛውም ከእሱ በታች ላለው። ሁሉም ፈሰስ ሲገናኝ ወሰን ላይ የነበረችውን ስንጥቅ ገደል ያደርጋታል።

ነገሩን በመለኪያ ያጠኑት ሰዎች የሠሩት ከእኛ ሩቅ አይደለም። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል፣ አንዲት ጥድ ላይ ጣቢያ ከፍቶ ከ477 ሄክታር ተፋሰስ የሚወርደውን ውሃና አፈር ለክቷል። ፕሮጀክቱን የመሩት የስዊዘርላንዱ ምሁር ሐንስ ሁርኒ ለመላ አገሪቱ ባወጡት ግምት፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይኸውም 420 ኩንታል መሆኑ ነው። ከአንድ ሄክታር 420 ኩንታል ገብስ ያስገባ ገበሬ እስካሁን አላየንም!

ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በምግብ ለሥራ በየአገሩ ብዙ እርከን ተሠራ። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲለወጥ ብዙው ፈርሶ ታረሰ። ገበሬው ስንፍና ይዞት ነው ያሉ ነበሩ፤ እኛ አንስማማም። ዝናብ በበዛበት ደጋ ውሃ አቁሮ የሚያስቀር እርከን ሰብሉን ያቢጫል፣ ካልሆነም ይሰበርና የባሰ ጎርፍ ይለቃል። ለእኛ አገር የሚስማማው ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ሣር ወደለበሰ የጋራ ቦይ የሚያወርድ እርከን ነው። ታዲያ ቦዩ መሬት ይበላል። የማንን መሬት? ስብሰባው ሁሉ የሚበተነው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሐሳብ፣ ቦዩ የሚያልፍበት ሰው ሣሩን ብቻውን ይጨድ፤ ከብት ግን አይግባበት የሚል ነው። የጋራውን መጠበቅ ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። የአስቦና የጌራ ሰዎች የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢቀርም፣ ጓሳው ዛሬም ጅረት ያፈልቃል።

ጭቃው ደግሞ ብቻውን አይወርድም። የበረቱን ፍግ፣ ሜዳ ላይ የተጣለውን ዓይነ ምድር ሁሉ ጠርጎ ክፍት ምንጭ ውስጥ ይገባል። ልጆቻችን ያንኑ ይጠጣሉ። ተቅማጥ ሲይዛቸው ቡዳ ነው፣ ጥርስ እያበቀለ ነው እንላለን፤ ሕፃን ስንቀብር ምክንያቱን ማንም አይጽፍም። ውሃው ጠርቶ መታየቱም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አፍልቶ ማጠጣት ያስፈልጋል። እናቶች ግን ማገዶው ከየት ይምጣ ቢሉ እውነት አላቸው፤ ኩበቱም ተሰልቷል።

ስለሆነም ሥራው ከምንጩ ይጀመር እንላለን። ከምንጩ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈር። ዙሪያው ይታጠር። የከብቱ ገንዳ ከመቅጃው በታች ይሁን። መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጩ በላይ አይቆፈር፤ ከታችም ቢሆን ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር መያዝ ከዚያ ይቀጥላል፤ እሱም ቢሆን ከላይ ከጫፉ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይደለም።

ዶማና አካፋ በዕድሩ ዕቃ ቤት አለ። ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። የቀረ ሰው እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለውን ጉባዔው ዛሬውኑ እንዲወስንልን እንጠይቃለን።