ጠብቆ ማቆየትም አስተዋጽኦ ነው



አፍሪካ ለዓለም ሥልጣኔ ምን አበረከተች ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የግብፅን ፒራሚድና የአክሱምን ሐውልት እንጠራለን። እኔ ዛሬ ከድንጋይ ወደ ብራና ልመልሳችሁ እወዳለሁ።

መጽሐፈ ሄኖክ በጥንት አይሁድ ዘንድ የተጻፈ፣ በሐዲስ ኪዳንም በይሁዳ መልእክት የተጠቀሰ ነው። በኋላ ግን ከሌላው ዓለም እጅ ጠፋ፤ ሙሉ ቃሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አሳተመ። በሃያኛው መቶ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ፣ የመጽሐፉ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙም፣ ሊቃውንት ከግእዙ ጋር ማስተያየት ግድ ሆነባቸው።

ይህን ያቆዩልን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የገለበጡ ጸሐፍት ናቸው፤ የብዙዎቹን ስም አናውቅም። መፍጠር ክብር ከሆነ፣ ሌላው የጣለውን መጠበቅም ከዚያ አያንስም።

እኔ ራሴ ሄኖክን አስቀድሜ ያነበብሁት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሳስታውሰው አፍራለሁ። በእናንተ እንዳይደገም ግእዝን ተማሩ።