ንፋስን መካፈል
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከምረቃ በኋላ የተማርከውን ንገረን» ሲሉኝ ስለ ሥራዬ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት ሳይክልን ነው። ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ እዚህ ስለ ሳይክል ማውራት አያሳፍርም።

ውድድር የጀመርኩት አርባን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። አስተማሪዎቼ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። እሁድ ማለዳ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሻሸመኔ እንወጣለን። ሰፈር ውስጥ «ጋሼ» ብለው ያከብሩኛል፤ አስፋልት ላይ ግን ይቆጡኛል። የመጀመሪያው ትምህርታቸው «ጋሼ፣ እግርዎን ይተዉትና ንፋሱን ያስቡ» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ የሳይክለኛ ዋና ባላጋራ አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊቱ ካለው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የተከለለ ሰው ግን ሩብ ያህል ጉልበት ይቆጥባል። ብርቱው ሁሌ የማያሸንፈው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ተራ አለ። ተራችሁ ሲደርስ ፍጥነት አትጨምሩ፤ የነበረውን ጠብቃችሁ ጥቂት ጎትቱና ወደ ጎን ውጡ። ሁለተኛ፣ ሰው ሲያመልጥ ከመከተላችሁ በፊት ማን እንደሆነ እዩ። የራሳችሁ ሰው ከሆነ ተዉት፤ ሌሎቹ ያሳድዱት፣ ይድከሙ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን ፍልሚያ ከሰው ጎማ ኋላ ሆናችሁ ጠብቁ። ንፋሱ ከፊት ከሆነ ዘግይታችሁ፣ ከኋላ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ውጡ።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ነው የሚከብደው። አንድ ጊዜ ልጆቹ «ጋሼ፣ ዛሬ ለእሱ ይጎትቱለት» አሉኝ። ልጁ በክለብ ሰዎች ዓይን እንዲገባ የሚፈልግ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጉልበቴን መንገድ ላይ ጨርሼ እኔ ከኋላ ልገባ ነው። እኛ ደግሞ ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ስማችንን ከላይ ጀምረን ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነን! ጎተትኩ። እሱ ሁለተኛ ወጣ፤ እኔ ስደርስ ሽልማቱ እየተሰጠ ነበር። ልጁ የተሰጠውን ገንዘብ ለሁላችንም እኩል አካፈለ። በዚህ ስፖርት ልማዱ እንደዚያ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አይወጡም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ እዚያ ሥራው በአብዛኛው የቡድኑን መሪዎች ማገዝ ነበር። የቡድን ጓደኛው ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሜንቺስ በአጠቃላይ ውጤት 8ኛ ወጣ። ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው የሜንቺስ ቁጥር ነው፤ ከፊት ሆነው ንፋሱን የተቀበሉት ግን ሌሎች ናቸው።

ወገኖቼ፣ እያንዳንዳችን እዚህ የደረስነው ማስታወሻ ያዋሰን፣ የቤት ኪራይ የሸፈነልን፣ ለሥራ ስማችንን የጠቆመ ሰው ጎማ ተከትለን ነው። አሁን ተራው የእኛ ነው፤ ፊት ወጥተን ለታናናሾቻችን እንጎትት።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ጥቁር ውሃ ላይ እንገናኝ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፤ ተራ ግን ለማንም አይቀርም።